በሌላ ሰው ጥፋት ላይ የሚፈረም ስም

ከአራት ኪሎ በግንፍሌ በኩል ወደ ቀበና ሲወረድ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በመንግሥት የተቋቋመ የመጀመሪያው የአገራችን ሆስፒታል ነው፤ ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል። የአዲስ አበባ ሰው ይበልጥ የሚያውቀው በዓይን ሕክምናውና በአስከሬን ምርመራው ነው። አሟሟቱ ያጠራጠረ ሰው አስከሬን፣ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሳይቀር፣ የፖሊስ ደብዳቤ ተይዞለት ለረጅም ዘመን የሚመጣው ወደዚህ ግቢ ነበር። «በሕክምና ስህተት ሞተብን» የሚሉ ቤተሰቦችም ውጤት ሲጠብቁ የኖሩት እዚሁ ነው። በሆስፒታሉ ስም የሚጠራው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ደግሞ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደየዎርዱ ያሰማራል።

የአስከሬን ምርመራ ሟቹ በምን እንደሞተ ይናገራል። ማን እንደተሳሳተ አይናገርም። መርፌው በማን እጅ እንደተቀዳ፣ ማን እንደወጋ፣ ኦርደሩን ማን አሳስቶ እንደጻፈ፣ ማን እያየ ዝም እንዳለ የሚታወቀው ከቻርቱ፣ ከመድኃኒት መስጫ ቅጹና ከተረኞቹ አንደበት ነው። ተረኛዋ «እኔ ነኝ» ብላ የሌላውን ጥፋት ከወሰደች ሐቁ ከሟቹ ጋር ይቀበራል።

ነርስ የባልደረባዋን ስህተት ልትሸከም ይገባታል ወይ የሚለው ጉዳይ በየሆስፒታሉ የነርሶች ክፍል ሲነሳና ሲወድቅ ኖሯል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጥያቄ መልክ ሳይሆን በልመና መልክ ነው። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብሽ ይሆናል፤ እሷ ግን ልጆች አሏት።» ወይም በትእዛዝ መልክ ይመጣል፦ «ሲስተር፣ ለጊዜው አንቺ ፈርሚበት፣ ከሜትረኗ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ።» በፍቅርም ይሁን በፍርሃት የሚደረገው ግን አንድ ነው፤ ያልሠራችው ነገር በስሟ ይጻፋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፤ አይገባትም። ምክንያቱ ከነርሷ ክብርና ከደመወዟ ይሰፋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ጠባብ ሳጥን ነው። የመድኃኒት መስጫ ቅጹ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የሚሰጥበት መንገድ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ቀንና ሰዓት ይደረደራል፤ በእያንዳንዱ ሰዓት አንጻር የሰጠችው ነርስ የምትፈርምባት ቦታ አለች። ደንቡ ቀላል ነው፤ የቀዳ ይሰጣል፣ የሰጠ ይፈርማል። ዎርዱ ሞልቶ ሁለት ነርስ ብቻ ሲቀሩ ግን አንዷ ትቀዳለች፣ ሌላዋ እየዞረች ትሰጣለች፣ በተረኛ ቅያሬ ሰዓት ደግሞ ሦስተኛዋ ባዶ የቀሩትን ሳጥኖች ትሞላለች። ማንም ላጭበርብር ብሎ አይደለም፤ ሥራው እንዲያልቅ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 82 ነርሶች በሰጧቸው 360 መድኃኒቶች ላይ ተመሥርቶ ከግማሽ በላይ በሚሆነው የአሰጣጥ ሂደት ውስጥ ስህተት አግኝቷል። ከሁሉም ጎልቶ የወጣው የመዝገብ ጉድለት ነበር፤ 87.5 በመቶ። ሌሊት የሚሠሩት ከቀን ተረኞቹ ይልቅ ለስህተት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ወረቀቱ ማን ምን እንደሠራ በቅጡ የማይናገር ከሆነ፣ ችግር ሲመጣ ጥፋቱ ከሠሪው ወደ ቀረበው ሰው ለመዞር ብዙ አይርቅም።

በጅማ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከታዩት 1,200 የመድኃኒት አሰጣጦች 621 ያህሉ ስህተት ነበረባቸው። ከስህተቶቹ ቀዳሚው ሰዓት አለመጠበቅ ሲሆን፣ ተከትሎት የመጣው መድኃኒቱ ባለመኖሩ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መጋዘን ውስጥ የሌለን መድኃኒት ነርሷ ከየት ታመጣለች? ስህተቱ ተሠርቷል፣ ታማሚው ሳይወስድ አድሯል፤ ባዶ የቀረችው ሳጥን ግን በነርሷ ቅጽ ላይ ናት። አስታማሚውም የሚያየው ነጭ ጋወን ለብሳ አጠገቡ የቆመችውን ነው፤ ግዥውን ያዘገየውን ሰው አያውቀውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው በዎርድ ውስጥ እንዲህ ይሠራል።

የሌላን ጥፋት መውሰድ ለምን አደገኛ እንደሆነ በማዋለጃ ክፍል ቢታይ ይቀላል። በእርግዝና ደም ግፊት ሰውነቷ ለተንዘፈዘፈ እናት የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ብዙ ጊዜ በሚሠራበት አሰጣጥ መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ 10 ግራም ለሁለት ተከፍሎ በመቀመጫዋ፣ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ትወጋለች። ነርሷ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት እናቲቱ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈሷን ትቆጥራለች፣ ጉልበቷን መትታ እግሯ መወርወሩን ታያለች፣ ሽንቷ በበቂ መውረዱን ታረጋግጣለች። መድኃኒቱ ከበዛ መጀመሪያ የጉልበቷ ምላሽ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ትንፋሿ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው።

የምሽት ተረኛዋ መርፌውን ሰጥታ ሳትፈርም ወጣች እንበል። የሌሊቷ ባዶ ሳጥን አይታ ደገመችው። እናቲቱ ትንፋሽ አጠራት፤ ሐኪም ተጠራ። ባልደረባዋ እንዳትባረር የሳሳችው የሌሊቷ ነርስ «ስቀዳ አብዝቼው ነው» አለች። በዚያች ደቂቃ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው የሰጪዋን ስም አይደለም፤ በጠቅላላው ስንት ግራም ገባ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት የሚለውን ነው። ነርሷ ስለ «ማን» ስትዋሽ «መቼ» እና «ስንት» አብረው ተዋሹ። ሰው ለማዳን የታሰበች ውሸት የታማሚዋን ሕክምና አሳሳተች። እናቲቱ ብትተርፍ እንኳ ሆስፒታሉ በማግስቱ የሚያደርገው ጥሩ አድርጋ የምትቀዳን ነርስ ስለ አቀዳድ ማሠልጠን ነው። ሳይፈረም የሚወጣበት የተረኛ ቅያሬ እንዳለ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ እናት ይጠብቃል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ ሐኪምንና አሽከርካሪን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያነሳል፤ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸው ናቸውና። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው፤ ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ከተጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወደ ጽኑ እስራት፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ይሄዳል። ነርስም የሙያ ግዴታ አለባትና ከዚህ ውጭ አይደለችም። እንግዲህ «ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ነው» ብሎ የሚያግባባት ሰው የማያውቀውን እየነገራት ነው። በሥራ ክፍሉ የጀመረ ነገር የሟች ቤተሰብ አቤት ባለ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል፤ የፈረመችው ወረቀትም ማስረጃ ይሆናል። ሌላም አለ። ይኸው ሕግ ያልሠራውን ወንጀል ሠርቻለሁ ብሎ ራሱን በሐሰት የሚከስስን ሰው ፍትሕን በማሳሳት ይቀጣል። ለጓደኛ ብሎ መታሰር ጀግንነት የሚመስለው ይህ እስኪታወቅ ድረስ ነው።

የካሳው ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ነርሶችም ሊያውቁት ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2651 የሕክምና ተቋም የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች በጥፋታቸው በታማሚ ላይ ላደረሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ መሆኑን ያስቀምጣል። ሕግ አውጪው ከስልሳ ዓመት በፊት እንኳ ጉዳቱን የአንዲት ነርስ ብቻ አድርጎ አላየውም ማለት ነው። «ሆስፒታሉ እንዳይከሰስ አንቺ ውሰጂው» የሚል አለቃ ካለ የሚያሸክማት ተቋሙ ራሱ ሊሸከመው የሚገባውን ነው።

የውጭው ዓለም ተሞክሮም የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ዴንቨር አካባቢ አንድ አራስ ሕፃን ሞተ። የታዘዘለት ፔኒሲሊን 150,000 ዩኒት ነበር፤ ከመድኃኒት ቤቱ ተዘጋጅቶ የመጣው ግን 1,500,000፣ አሥር እጥፍ። ነርሶቹ ሕፃኑን ደጋግሞ ላለመውጋት አዝነው በጡንቻ የሚሰጠውን መድኃኒት በደም ሥር ሰጡት። የወንጀል ክስ የተመሠረተው በሦስት ነርሶች ላይ ነበር። ሁለቱ ጥፋታቸውን አመኑ፤ አንዷ ተከራክራ በ1998 ዳኞች ነጻ አሏት። ጉዳዩን የመረመሩ የመድኃኒት ደኅንነት ባለሙያዎች ለሞቱ መንገድ የከፈቱ ከ50 በላይ የአሠራር ጉድለቶችን ቆጥረዋል፤ ከሕፃኑ እናት ጋር በቋንቋ ካለመግባባት ጀምሮ ግልጽ እስካልሆነው የመድኃኒት ጽሑፍ ድረስ።

ይህ ታሪክ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ማወሳሰቡም ተገቢ ነው። አሥር እጥፉን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። በደም ሥር የመስጠቱ ውሳኔ ግን የነርሶቹ ነበር። ነርስ የመጨረሻዋ በር ናት፤ ከእሷ በኋላ ታማሚው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ «ያዘዘው ዶክተሩ ነው፣ ያዘጋጀው ፋርማሲው ነው» ብላ እጇን መታጠብ አትችልም፤ መጠኑን የማመሳከር ድርሻ የራሷ ነው። የሌላውን አለመውሰድ ማለት የራስን መካድ ማለት ሊሆን አይገባም። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ክርክር ይበላሻል፤ አንዱ ወገን ነርሷን ንጹሕ ያደርጋታል፣ ሌላው ሁሉን ይጭንባታል።

በአሜሪካዋ ናሽቪል የሆነው ደግሞ የዘመናችን ትልቁ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ ለአንዲት የ75 ዓመት ታማሚ ማረጋጊያ መድኃኒት ልታወጣ ሄደች። በኮምፒውተር ከሚሠራው የመድኃኒት ሣጥን ላይ የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ጻፈች፤ የወጣላት ግን ጡንቻን የሚያሽመደምድና ትንፋሽ የሚያቆም ቬኩሮኒየም ነበር። የምትፈልገው መድኃኒት ፈሳሽ ነው፤ ይህኛው ዱቄት ነበር። ክዳኑ ላይም ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። አላስተዋለችም፤ ታማሚዋ ሞተች።

ቮት ስህተቷን ያኔውኑ ተናግራለች። ሆስፒታሉስ? ሞቱ በመድኃኒት ስህተት መሆኑን በጊዜው ለተቆጣጣሪ አላሳወቀም፤ ከቤተሰቡ ጋር ተስማምቶ ነገሩን በዝምታ ዘጋው። የተጋለጠው ስሙን ያልገለጸ ሰው በሰጠው ጥቆማ ነው። በ2022 ነርሷ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብላ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ተፈረደባት፤ ፈቃዷንም ቀድማ አጥታለች። ሠራተኞች በዚያ ወቅት የሣጥኑን መቆጣጠሪያ እያለፉ መድኃኒት ማውጣት የዕለት ተዕለት ሥራቸው እንደነበር በፍርድ ሂደቱ ተነግሯል። የራሷን ድርሻ የተቀበለች ሴት የተቋሙንም ተሸክማ ወጣች። በእንግሊዟ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2011 የስድስት ዓመት ሕፃን ሲሞትም አንዲት ዶክተርና አንዲት የኤጀንሲ ነርስ ተፈርዶባቸዋል። የዶክተሯ ጉዳይ አገር አነቃንቆ በ2018 ወደ ሙያ መዝገቡ ተመለሰች፤ የነርሷን ስም የሚያነሳ እምብዛም አልነበረም።

እንዲህ ያለውን የሰማች ነርስ አፏን ብትዘጋ ይፈረድባታል? በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ነርሶች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የመድኃኒት ስህተትን ሪፖርት የሚያደርጉት ከሦስት አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ መካከል ፍርሃትና የአስተዳደሩ ምላሽ ይገኙበታል። ሪፖርት ያደረገች ማስጠንቀቂያ ስትቀበል፣ ዝም ያለች ዕድገት ስታገኝ ያየ ሠራተኛ የሚማረው ሌላ ምን አለ?

በእኛ አገር ሌላ የሚከብድ ነገርም አለ። በደርግ ዘመን የሥራ ባልደረባን ማጋለጥ ሰውን እስር ቤት ያስገባ ነበር፤ «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ያሳፍራል። ይሉኝታውም አለ። አብራ ስታድር ሻይ ያፈላችልህን፣ ልጅህ ሲታመም ተራህን የሸፈነችልህን ሰው ስም በወረቀት ላይ ማስፈር ይከብዳል። ይህን ስሜት መናቅ ስህተት ነው፤ በጥቂት ሰው፣ በጥቂት ደመወዝ ሌሊቱ የሚነጋው በዚሁ መተሳሰብ ነውና። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በየከተማው ሥራ እስከማቆም ያደረሳቸው የኑሮ ጫና ይህን ትስስር ይበልጥ አጥብቆታል። ነገር ግን መተሳሰቡ አልጋው ላይ የተኛችውን ካላካተተ ማንን ነው የሚጠብቀው? ባልደረባን መርዳት ይቻላል። አብሮ ቆሞ «ሠላሳ አልጋ ይዛ ነበር፣ እኔም ከሌላ ታማሚ ጋር ነበርኩ» ብሎ መመስከር እርዳታ ነው። ስሟን ሠርዞ የራስን መጻፍ ግን ሠላሳውን አልጋ ከታሪኩ ያወጣዋል፤ የሚቀረው አንዲት ደካማ ነርስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስህተት የደረሰበት ዎርድ ውስጥ ያለች ነርስ ምን ታድርግ? መጀመሪያ ታማሚውን፤ ሐኪም ትጥራ፣ ምን እንደገባ፣ ስንት እንደገባና መቼ እንደገባ የምታውቀውን ሁሉ ትንገር። ከዚያ በዚያው ተራ፣ ቤቷ ሳትሄድ ትጻፍ። ያየችውን «አየሁ»፣ የሰማችውን «ሰማሁ»፣ ያደረገችውን «አደረግሁ» ብላ፤ ስለ ባልደረባዋ ፀባይ አንዲት ቃል ሳትጨምር። ኦርደሩ በስልክ የተሰጠ ከሆነ የሰጠውን ሐኪም ስምና ሰዓቱን ታስፍር፤ በስልክ ታዝዞ ጠዋት የሚካድ ኦርደር ነርሶችን ብዙ ዋጋ አስከፍሏልና። ቻርቱ ላይ የተጻፈን መፋቅ ወይም በኋላ ቀን መሙላት በፍጹም አይገባም። ባዶ የቀረ ሳጥን ባዶ እንደሆነ ይቅር፤ ባዶነቱ ራሱ ማስረጃ ነው። «ፈርሚ» ስትባል «የሠራሁትን እፈርማለሁ» ማለት ትችላለች።

ይህን ሁሉ ከነርሷ ብቻ መጠየቅ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በሕክምና ስህተት ላይ ለሚቀርብ አቤቱታ የሙያ አስተያየት የሚሰጡት የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ጥፋተኛውን ከመለየት ባሻገር መድኃኒቱ የት ተቀምጦ እንደነበር፣ በዚያ ተራ ስንት ነርስ ለስንት ታማሚ እንደተመደበ መጠየቅ አለባቸው። ጠቃሚ መለኪያም አለ፤ ተመሳሳይ ልምድ ያላት ሌላ ነርስ በዚያች ሌሊት በእሷ ቦታ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ቅጣቱ የሚያስተካክለው ነገር የለም። ከተጣራ ውኃ ብልቃጥ ጋር የሚመሳሰለው የፖታሲየም ክሎራይድ ብልቃጥ በአንድ መሳቢያ ተቀምጦ ነርስን መቅጣት መሳቢያውን አይለየውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ከዎርድ እንዲወጣ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ባለሙያዎች የደረሰ ጉዳትን እንዲያሳውቁ አስገድዳ፣ በማሳወቃቸው ምክንያት እንዳይቀጡ ከልላለች። የአሜሪካዋ ኬንተኪ ግዛት ደግሞ ከቮት ፍርድ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ያልተፈጸመን የሕክምና ስህተት ከወንጀል ተጠያቂነት አወጣች። እኛ አገር የወንጀል ሕጉን አንቀጽ ማሻሻል ጊዜ ይወስዳል፤ ክርክርም ይፈልጋል፤ የሞተበት ቤተሰብ ፍትሕ የማግኘት መብቱም በዚያ ክርክር ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የስህተት ሪፖርት የሚቀመጥበትን ፋይል ከዲሲፕሊን ፋይል መለየት፣ በተረኛ ቅያሬ ሰዓት ወጪና ገቢ ነርሶች ቅጹን አልጋው አጠገብ ቆመው አብረው እንዲያዩና እንዲፈርሙ ማድረግ ግን ፓርላማ አይፈልግም። ይህን የምኒልክም ሆነ የሌላ ማንኛውም ሆስፒታል ማኔጅመንት በአንድ ሰርኩላር ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሊያዝዘው ይችላል።